ያረፈ ሞተር ይበርዳል ብዬ

«በስልክ ስትጮሂብን ትልቅ ሴት መስለሽኝ ነበር» አለችኝ ሐዋ። እስከ ክርኗ ዱቄት ለብሳ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ከጫማዬ እስከ ጸጉሬ አየችኝና «ልጅ ነሽ ለካ!» ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ይህን ያለችኝ ረቡዕ ነው። የተነሣሁት ግን ማክሰኞ ስለሆነ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ማክሰኞ

አዳማ የምሠራበት ሱቅ የኤሌክትሪክ ሞተር ይሸጣል፤ ለወፍጮ፣ ለውኃ መሳቢያ፣ ለእንጨት ቤት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ አልመጣልኝም፣ ሱቅ ገባሁ። ቁጭ ማለት አልችልም። ዕቃ መደርደሩ ሲሰለቸኝ አንድ ደንበኛ ኮምፒውተራችን ላይ ጭኖልን የሄደውን ፕሮግራም መነካካት ጀመርኩ። ፕሮግራሙ ይጠይቃችኋል፦ ሞተሩ ምን ያህል ጭነት ይጎትታል? ስንት ደቂቃ ሠርቶ ስንት ደቂቃ ያርፋል? አገሩ ቆላ ነው ደጋ? መልሱን ስትሞሉለት፣ ሞተሩ ሆድ ውስጥ የተጠቀለለው ሽቦ ቀኑን ሙሉ እንዴት እየሞቀና እየበረደ እንደሚውል በመስመር ይሥላል። መስመሩ ከቀዩ ምልክት በታች ከዋለ ሞተሩ ደኅና ነው። ካለፈ ተቃጠለ። ይህ ሁሉ እንግዲህ ማንም ሞተሩን ሳይነካው ነው። አለቃዬ ጋሽ ተስፋዬ ከዚያ ወዲህ ደንበኛ በመጣ ቁጥር «ኢንጂነሯን ጠይቋት» ይል ጀመር። እሱ ሲቀልድ ነበር፤ እኔ ግን አመንኩት።

ከበቆጂ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ አዴ ሩቂያ የሚባሉ ባለ ወፍጮ ሞተር ገዝተውን ነበር። ከጊዜ በኋላ «ይሞቃል፣ እጅ አያስጠጋም» ብለው ደወሉ። ፕሮግራሙን ከፍቼ ሥራ አስገባሁ፣ ዕረፍት አስገባሁ፣ የአርሲን ብርድ አስገባሁ። መስመሩ ከቀዩ በታች ተኛ። «አሳርፉት፤ ባረፈ ቁጥር ይበርዳል» አልኳቸው። አሳረፉት። ተቃጠለ። ይህንንም ሊነግሩን ሲደውሉ ጮህኩባቸው። «ከአቅሙ በላይ አጉርሳችሁት ነው! ጥፋቱ የእናንተ ነው! ደግሞ አትዋሹ!» ፕሮግራሙ ይቃጠላል አላለማ!

ጋሽ ተስፋዬ «ሂጂና እይ» አለኝ። «ጥፋቱ የእኛ ከሆነ ሞተሩን እናድሳለን። የእነሱ ከሆነ ራሳቸው ያውቃሉ። የእኛ እንደማይሆን ግን ታውቂያለሽ፣ አይደል?» አውቃለሁ አልኩ። ከሱቅ መውጣቴ ብቻ አስደስቶኝ ነበር።

የአዳማ ሰው ሚኒባስ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው መስኮት መክፈት ነው። ከፈትኩ። ዴራን እስክናልፍ ማንም ምንም አላለኝም። ኢተያ ላይ ከኋላዬ «እህቴ፣ መስኮቱን» የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ ሌላው ደገመው። አሰላ ልንደርስ ስንል አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ በላዬ ተዘርግተው ራሳቸው ዘጉትና «ልጄ፣ ብርዱ የራሳችን ነው፣ አታስወጪብን» አሉኝ። መኪናው ሙሉ ሳቀ። ሽማግሌው ሲወርዱ ግን በእጄ ቆሎ ዘግነውልኝ ወረዱ።

አሰላ ፔንሲዮን ያዝኩ። እኛ ጋ ሌሊቱን ሙሉ ማራገቢያ ካልዞረ እንቅልፍ የለም፤ እዚያ ማራገቢያ ብጠይቅ ባለቤቷ ጤናዬን ተጠራጠረች። ሦስተኛ ብርድ ልብስ አምጥታ ስትገባ ጠረጴዛው ላይ ያኖርኩትን የሙቀት መለኪያ አየች። እንደ ሽጉጥ ተይዞ ወደ ዕቃው የሚተኮስ ነው።

«ውይ! ኮሮና ተመለሰ እንዴ?»

«የሞተር ነው» አልኳት።

«ሞተርም ያተኩሰዋል?» ብላ ግንባሯን አስጠጋችልኝ። ለካሁላት። ደኅና ናት። ጠዋት የእንጀራ ፍርፍርና ሻይ በነጻ አበላችኝ፣ ሐኪም ያደረገችኝ መሰለኝ።

ረቡዕ

ከአሰላ በሳጉሬ አድርጎ በቆጂ ድረስ መንገዱ ግራና ቀኙ ስንዴና ገብስ ነው። እኛ ሰፈር ሜዳ ቢገኝ ሕንፃ ይበቅልበታል። በቆጂ ወርጄ ባጃጅ ያዝኩ። ዳገቱ ላይ ሩጫ የሚለማመዱ ልጆች ባጃጃችንን ቀድመውት ሄዱ። ሾፌሩ መንገዱን እንኳ ለቀቅ አላደረገላቸውም፣ ለምዶታል። እኔ በስስ ጃኬት እየተንቀጠቀጥኩ፣ ላፕቶፔን እንደ ሕፃን ታቅፌ፣ የምጽፈውን ቃል አስቀድሜ እያሰብኩ ነበር። «ከመጠን በላይ ማጉረስ።»

ከዚያ ሐዋ ያንን አለችኝ።

ሐዋ የአዴ ሩቂያ ምራት ናት፤ ወፍጮውን የምታንቀሳቅሰው እሷ ነች። ውስጥ ስገባ ወፍጮው ይሠራል። ግራ ገባኝ። የተቃጠለው ሞተራችን ጥግ ላይ በማዳበሪያ ተሸፍኗል፣ በቦታው ሌላ ሞተር ተተክሏል።

«የወንድሜ ነው» አለች ሐዋ። «ሳጉሬ ድንች የሚያጠጣበት። ቅዳሜ ይወስደዋል። ይሄም ከተቃጠለ እናቴ ቤት በየትኛው ዓይኔ እገባለሁ?»

«አዴ ሩቂያ የሉም?»

«አፉ ለመባል ሄደዋል።»

«ከማን?»

«ከደንበኛ ነዋ! ቤት ለቤት። አንቺ አይደለሽ የላክሻቸው?»

ቆይታ ነገረችኝ። እኔ በስልክ «ጥፋቱ የእናንተ ነው» ስል ስለ ሞተር ነበር የማወራው። አዴ ሩቂያ ግን ሌላ ሰሙ። እህል አላበዙም፣ ይህን ያውቃሉ። ታዲያ ሞተር የሚያቃጥል ምን ጥፋት አለ? የሰው ሐቅ። የአንዷ ዱቄት ቋቱ ውስጥ ቀርቶ ሳያውቁ ቤታቸው ገብቷል ማለት ነው። እናም ከዚያ ቀን ጀምሮ አስፈጭታ የሄደችን ሴት ሁሉ ደጅ ድረስ እየሄዱ «አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» ይላሉ።

እኛ ጋ አዳማ ቋት ውስጥ የቀረ ዱቄት የወፍጮ ቤቱ ነው፤ ማንም አይጠይቅም፣ ማንም አያፍርም። አዴ ሩቂያ ቤት ግን አንዷ አስፈጭታ ስትጨርስ ሞተሩ ይጠፋል። ቋቱ ይከፈታል። ሴትየዋ በገዛ እጇ የመጨረሻዋን ብናኝ ጠርጋ ትወስዳለች። ከዚያ ሞተሩ ይነሣል፣ የሚቀጥለው እህል ይገባል። ሁሌም እንዲህ ነው። «አሳርፉት» ካልኩ ወዲህ ደግሞ አንዱን ቁና እንኳ ለሁለት ከፍለው መሐል ላይ ያሳርፉት ጀመር።

ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። እውነቱን ነው የምነግራችሁ። ሞተሩ ይህን ያህል ካረፈ የተቃጠለው በሌላ ነገር ነው፣ እኔ ነጻ ነኝ ብዬ ነው የተደሰትኩት።

አዴ ሩቂያ የመጡት ከሰዓት በኋላ ነው። ትንሽዬ ሴት ናቸው፣ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ሁለት እጄን ይዘው ሳሙኝ። «ኢንታላ ኮ! ልጄ! ለእኛ ብለሽ ከአዳማ ድረስ?» ከዚያ ወደ ሐዋ ዞረው፣ እንደ ቀላል ነገር፣ «ሁለት ቤት ብቻ ቀርቶኛል» አሉ።

ራት ላይ የቤቱ ሰው ገንፎውን በቅቤ ሲበላ ለእኔ ብቻ በተልባ የተሠራ ሌላ ገንፎ ቀረበልኝ። ረቡዕ ነዋ፤ አንገቴ ላይ ማተብ አይተው ጿሚ ነች ብለው ነው። ከፋሲካ ጾም በቀር ጾሜ አላውቅም። ሌላ ጊዜ ቢሆን «አልጾምም፣ ቅቤውን አምጡ» እል ነበር፣ አፌ አያርፍም። ግን ሴትየዋ ያን ሁሉ ቤት ዞረው መጥተው ተልባ ቆልተው ወቅጠውልኛል። ዝም ብዬ ጨረስኩት። ማታ ሐዋ የራሷን ብርድ ልብስ ላዬ ላይ ጣለች። «ለአንቺ አይደለም፣ ለእንግድነትሽ ነው» አለችኝ።

ሐሙስ

«አሁን አሳያችኋለሁ» ብዬ ተነሣሁ። ሞተሩ ሲያርፍ እንደሚበርድ በዓይናቸው እንዲያዩ ነው፤ ከዚያ ጥፋቱ ማጉረስ መሆኑን ማመን አያቅታቸውም። አዴ ሩቂያ ግን እጃቸውን አወራጩ። «የሰው እህል ላይ ሙከራ አይሆንም።» እሺ፣ ከጎረቤት ገብስ ገዛሁ። በየቅርጫቱ ከፋፈልኩና «እንደ ሁሌው አድርጉ፤ እያንዳንዱ ቅርጫት አንድ ደንበኛ ነው» አልኩ። ተራ የያዙት ሴቶች አግዳሚው ላይ ተደርድረው ያዩናል።

«ደንበኛዋ አንድ፣ ቅርጫቷ ብዙ!» አለች አንዷ።

«ባሎቿ ብዙ ናቸው» አለች ሌላዋ።

ሐዋ ማብሪያውን መታች። ሞተሩ አጓራ፣ ድንጋዩ ዞረ። የመጀመሪያው ቅርጫት አለቀ፣ ሞተሩ ጠፋ፣ አዴ ሩቂያ ቋቱን ከፍተው የእኔን ዱቄት በጥንቃቄ ጠርገው ለብቻው አኖሩ። እንደገና ተነሣ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። መለኪያዬን ሞተሩ ጀርባ ላይ ተኩሼ «ስልሳ!» አልኩ ጮክ ብዬ። «አጥፉት። አሁን ዕረፍት ነው፣ ሲወርድ ተመልከቱ።»

ሴቶቹ ተነሥተው ከበቡኝ። ተኮስኩ። ስልሳ ሦስት። መለኪያው ተሳስቶ ነው ብዬ ደግሜ ተኮስኩ። ስልሳ አምስት።

«ወርዷል?» አለች አግዳሚው ላይ የቀረችው አሮጊት፣ ከልቧ።

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። «ገና ነው፣ ይወርዳል» አልኩ። ጆሮዬ ጋለ። ሐዋ ታየኛለች። ግትር ነኝ፣ ያኔ ማቆም ነበረብኝ፣ «አስነሺው» አልኳት። ስታስነሣው ከጣሪያው የተንጠለጠለው አምፖል ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ገለጠ። በተነሣ ቁጥር እንዲህ ሲያደርግ ነበር፤ ጠዋቱን ሙሉ አይቼዋለሁ፣ ልብ አላልኩትም። ቅርጫቱ አለቀ፣ ጠፋ፣ ተነሣ፣ አምፖሉ ጨፈን አለ። አሁንም ጠፋ፣ ተነሣ። የተቃጠለ ቀለም የሚመስል ሽታ መጣ።

«የወንድሜ ሞተር!» ብላ ሐዋ ማብሪያው ላይ ተወረወረች።

 ከሞተሩ አንገት ቀጭን ጭስ ወጣና ጠፋ። ሐዋ መሬት ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቀፈች። አዴ ሩቂያ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ዱዓ ያደርጋሉ። ሴቶቹ እህላቸውን ተሸክመው አንድ በአንድ ወጡ፤ ሌላው ወፍጮ ቤት ወንዝ ማዶ ነው። በሩን ስትሻገር አሮጊቷ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። በጥፊ ብትመታኝ ይቀለኝ ነበር።

ከምሳ በኋላ ጓዳ ገብቼ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ፕሮግራሙ ስለ አነሣስ የሚጠይቅበት ቦታ አለው፤ ሞተሩ ስንት ጊዜ ይነሣል፣ ሲነሣ ስንት እጥፍ ኃይል ይስባል። እኔ ሁልጊዜ ባዶ ትቼው ነው የማልፈው። መነሣት ምንድን ነው? ሁለት ሦስት ሰከንድ። አምፖሉን አስቤ ሞላሁት። ሌላም የረሳሁት ነበር፤ ሞተሩ ጭራው ላይ ማራገቢያ አለው፣ ሞተሩ ሲቆም እሱም ይቆማል። ያለ ማራገቢያ አዳማ ውስጥ እንቅልፍ የማይወስደኝ እኔ ይህን አላሰብኩም። አስገባሁት።

መስመሩ እንደ ደረጃ ወጣ። መነሣት አንድ ደረጃ፣ መነሣት ሌላ ደረጃ፤ በዕረፍቱ መሐል የወጣውን ያህል እንኳ አይወርድም። ቀዩን አልፎ ሄደ። ከዚያ ሌላውን ሞከርኩ፤ ሞተሩ ጠዋት ተነሥቶ ያለ ማቋረጥ ቢውልስ? መስመሩ ወጣ፣ ወጣ፣ ከቀዩ በታች ጋደም አለ። እዚያው ዋለ።

እነሱ ያደረጉት ያልኳቸውን ነው። ያቃጠለው ያ ነው።

ኔትወርክ የሚገኘው መስጊዱ ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ነው። ወጣሁ። ጋሽ ተስፋዬ ገና ሳልናገር «ማጉረስ ነው አይደል? እሱን ይዘሽ ነይ» አለ። ልነግረው አፌን ከፈትኩ። «እሺ» አልኩ። እኔ፣ አፌ የማያርፈው፣ እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ስወርድ አዴ ሩቂያ ብርድ እንዳይመታኝ ሻርፓቸውን ይዘው ከታች ቆመው ይጠብቁኛል።

ዓርብ

ጠዋት ሻንጣዬን አስሬያለሁ። ሐዋ የወንድሟን ሞተር አንዴ ብቻ አስነሥታ አየችው፤ ይዞራል፣ ተርፏል። ለመሰናበት ስወጣ አዴ ሩቂያ ጫማቸውን እያደረጉ ነው።

«ወዴት ነው?» አልኩ።

«የቀሩት ሁለት ቤቶች ናቸው። ከጁምዓ በፊት ልጨርስ።»

ደጁ ላይ ቆምኩባቸው። «አይሂዱ።»

«ምነው?»

«የሰው ሐቅ አይደለም። እኔ ነኝ። አሳርፉት ያልኩት ነው ያቃጠለው። በየደንበኛው ሲያጠፉ ሲያስነሡ ቀድሞም ይሞቅ ነበር፣ እኔ ደግሞ ጨምሩ አልኩ። ሳላውቅ ተናገርኩ፣ ከዚያ ዋሻችሁ አልኳችሁ። ትናንት ቀን ነው ያወቅሁት፣ ደግሞ ማታ ሳልነግርዎ ተኛሁ።»

አዴ ሩቂያ አንድ እግር ጫማ አድርገው፣ ሌላውን በእጃቸው እንደያዙ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

«የሰው ሐቅ አይደለም?»

«አይደለም።»

«የማንም?»

«የማንም አይደለም።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ፊታቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ይነቃነቃል። እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ አላየሁም፣ ለማየትም አልደፈርኩም። ስለ ሞተሩ አንድ ቃል አልጠየቁኝም።

የጠየቀችኝ ሐዋ ናት። ከኋላዬ ሁሉን ሰምታለች። «እሳቸው ያንን ሁሉ ቤት ዞሩ። አንቺስ ስንት ቤት ልትዞሪ ነው?» እጄን ይዛ ወፍጮ ቤት አስገባችኝ። ከትናንቶቹ ሴቶች ገሚሶቹ ተመልሰው ተራ ይዘዋል። «እዚህ ንገሪያቸው። አዳማ ገብተሽ አይደለም፣ እዚህ።»

ነገርኳቸው። ሐዋ አማርኛ ለማይገባቸው በኦሮምኛ ደገመችላቸው፤ የእሷ ከእኔ ይልቅ ረዘመ፣ ምን እንደጨመረች አላውቅም። አሮጊቷ አንገቷን ነቀነቀችና አንድ ነገር አለች፣ ሁሉም በሳቅ ፈረሱ።

«ምን አለች?»

«እኛስ አፉ ብለንሻል፤ ሞተሩን ጠይቂው ነው የምትልሽ።»

ከዚያ ከሐዋ ጋር ጉብታው ላይ ወጥቼ ደወልኩ፣ ድምፁን ከፍቼ። «ጋሽ ተስፋዬ፣ ማጉረስ አይደለም። ጥፋቱ የእኛ ነው። የእኔ ነው።»

 «አጠገብሽ ሰው አለ?»

«አለ።»

«ትናንት እሺ አላልሽም?»

«ዋሽቼ ነው።»

 «የተቃጠለውን አስጭነሽ ነይ» አለ በመጨረሻ። «ሽቦውን እናስጠቀልልላቸዋለን። አንቺን ግን ስትመጪ እናወራለን።»

የወንድሟ ሞተር እስኪወሰድ ወፍጮው እንዴት ይሥራ? ድንጋዩን በመዘውሩ ትንሽ አንሥተው ሞተሩን ባዶውን ያሽከርክሩት፣ አያጥፉት፣ ማራገቢያው ያቀዘቅዘዋል አልኩ። አዴ ሩቂያ አልተዋጠላቸውም። «ድንጋይ እየዞረ የሰው እጅ ቋት ውስጥ አይገባም። እጅ ሳይገባ ደግሞ ሐቅ አይወጣም።» ሐዋ ጎረቤት ሄዳ የፈረስ ጭራ አመጣች፣ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ አሰረችው። የመጀመሪያዋ ደንበኛ ሞተሩን ከድንጋዩ ከሚያያይዘው ቺንጋ ራቅ ብላ ቆማ ቋቷን በጭራው ጠረገች። አዴ ሩቂያ ጎንበስ ብለው ማዕዘኑን በጣታቸው ዳሰሱ። «ድገሚው» አሏት። ደገመችው። ሞተሩ አልጠፋም። መለኪያዬን ልተኩስ አውጥቼ ነበር፤ ሐዋ ስታየኝ መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

የተቃጠለውን ሞተር በጋሪ እስከ መንገዱ አደረስነው። ሲጭኑት ጣቴን ቀጠቀጠኝ፤ ሐዋ ጨርቅ ቀድዳ አሰረችልኝና «ቻው፣ ኢንጂነር» አለችኝ። ሚኒባሱ ሞተሩን ከኋላ ጫነ፣ እኔ በር አጠገብ ተቀመጥኩ። መስኮቱ ተዘግቷል፣ አልነካሁትም። ሊነሣ ሲል አንዲት ሴት ከወፍጮ ቤቱ በኩል እየሮጡ መጡ። አዴ ሩቂያ ናቸው። ሾፌሩ ጠበቃቸው።

ትንፋሻቸው ተቆርጦ፣ ጭብጥ የማትሞላ በፌስታል የታሰረች ዱቄት ጭኔ ላይ አኖሩ።

«የገብስሽ ነው። ትናንት ሲጨስ ደንግጠን ቋቱ ጀርባ ፈስሶ ቀርቶ፣ አሁን ነው ያየሁት። ሐቅሽ ነው። አፉ በይኝ፣ ልጄ።»

«ኧረ አዴ ሩቂያ፣ እኔ ለእርስዎ...»

«አፉ በይኝ።» በሩን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ረዳቱ «እማማ፣ መሄዳችን ነው» አላቸው፤ አልለቀቁም።

«አፉ ብያለሁ» አልኩ።

በሩን ለቀቁት። ረዳቱ ዘጋው፣ ሁለቴ መታው፣ መኪናው ተነሣ።